የሄደውን የማይጽፍ መዝገብ

የድሮ የስኮትላንድ አጥቢያ መዝገብ ሦስት ነገር ይጽፋል። ክርስትና የተነሣ ሕፃን። በቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸው የታወጀላቸው እጮኛሞች። ጸሐፊው ደስ ካለው ደግሞ የተቀበረ ሰው። ጓዙን ጠቅልሎ መርከብ ስለተሳፈረ ሰው ግን ምንም አይልም። እኛ የምንፈልገው ደግሞ ይኼንኑ የተሳፈረውን ሰው ነው።

"እኛ" የምለው ባለቤቴን፣ አማቴንና ራሴን ነው። ባለቤቴ የካናዳ ሰው ነው፣ የኖቫ ስኮሺያ ልጅ። አማቴ የሚኖሩት ኧርልታውን ከምትባል የገጠር መንደር ብዙ ሳይርቁ ነው። መንደሯን ከ1813 ጀምሮ ያቀኗት ከሰዘርላንድ የመጡ ስደተኞች ናቸው። ሰዘርላንድ የስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ ነው። ተራራ፣ ሐይቅ፣ ረግረግ፣ ከዚያ ባሕር። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

እኔ ያደግሁት ሰባት ቤት በሚቆጠርበት ቤት ነው። ሽማግሌ ተልኮ በመጣ ቁጥር አያቴ ቁጭ ብላ በአባትም በእናትም ወገን ትቆጥር ነበር። ዝምድና ካገኘች ነገሩ እዚያው አበቃ። ስለዚህ አማቴ ስለ አባታቸው ሲያወሩኝ ጆሮዬ ቆመ። ሰውየው ከእርሻቸው ብዙ ርቀው የማያውቁ ገበሬ ነበሩ። ግን የስኮትላንድ ደገኞች የድሮ ቋንቋ በሆነው በጌሊክ፣ ስም በስም ላይ እየቀጠሉ፣ ባሕር እስከ ተሻገረው ሰው ድረስ ይቆጥሩ ነበር። ከእሱም አልፈው አባቱንና አያቱን ይጠራሉ። በኖቫ ስኮሺያ ጌሊክ ተናጋሪዎች ዘንድ ይህ የታወቀ ልማድ ነው። አማቴ በልጅነታቸው ሰምተው በቃላቸው ይዘውታል። ቋንቋውን አይናገሩትም። ዝርዝሩን ግን ግዕዝ ሳያውቅ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ያወርዱታል።

እንግዲህ ቃል አለን። የጎደለን ወረቀት ነው።

የተሻገረውን ሰው እዚህ በስሙ አልጠራውም። ብጠራውም አይጠቅማችሁም። በዚያ አገር ማኬይ የሚባለው ሰው ብዛቱ ለጉድ ነው። የመጀመሪያ ስማቸውም ጆን፣ ዊሊያም፣ ዶናልድ፣ ሂው እየተባለ በዚያው ይዞራል። ኧርልታውን ሲደርሱም እርስ በርስ መለየት አቅቷቸው በቅጽል ስም ይጠራሩ ነበር።

ስለ መዝገቦቹ ትንሽ ላስረዳ። ስኮትላንድ ውስጥ መንግሥት ልደትና ሞት መመዝገብ የጀመረው ጥር 1 ቀን 1855 ነው። ከዚያ በፊት ሥራው የአገሪቱ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ወደ 900 ከሚጠጉ አጥቢያዎች 3500 ያህል ጥራዝ ተርፏል። ከሁሉ የሚቀድመው በፐርዝሺር ያለው የኤሮል አጥቢያ መዝገብ ሲሆን ከ1553 ይነሣል። ሰሜኑ ግን ሌላ ዓለም ነው። የደጋውና የደሴቶቹ መዝገቦች አብዛኞቹ የሚጀምሩት ከ1700ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው። አንዳንዶቹ 1800 ካለፈ በኋላ። አጥቢያው ሰፊ፣ መንገዱ ጭቃ፣ ቄሱ አንድ። ሕፃኑ ተራራ ማዶ ተጠምቆ ወሬው ጸሐፊው ዘንድ እስኪደርስ ክረምት ያልፋል።

ጸሐፊው ብዙ ጊዜ የመንደሩ የትምህርት ቤት መምህር ነበር። ደመወዙ ትንሽ፣ ቀለሙ ቀጭን። አንዱ የእናትየውን ስም ይዘላል። ሌላው የምስክሮቹን ስም ሁሉ ይጽፋል። በአንድ መዝገብ ውስጥ እጅ ጽሑፉ ሲለወጥ አዲስ መምህር እንደተቀጠረ ታውቂያለሽ፤ እኔ ይህን ማስተዋል ደስ ይለኛል። መንግሥት ደግሞ ነገሩን ይበልጥ አበላሸው። በ1783 በእያንዳንዱ ምዝገባ ላይ የሦስት ፔንስ ቀረጥ ጣለ። ሰው ምን አደረገ? መመዝገቡን ተወ። ቀረጡ የተነሣው በ1794 ነው። በመሐል የተወለደ ስንት ልጅ ከመዝገብ ቀርቷል።

የቀብሩ ነገር የባሰ ነው። ብዙ አጥቢያ የሞተን ሰው ጭራሽ አይመዘግብም ነበር። የሚመዘግበው የሬሳ ጨርቅ ኪራይ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ጥቁር መሸፈኛ ጨርቅ ነበረው። ቤተሰቡ ለቀብሩ ይከራየዋል፣ ገንዘቡ ለድሆች መርጃ ይገባል። ሒሳብ ያዡ "ከእገሌ፣ ለጨርቁ፣ ይህን ያህል" ብሎ ይጽፋል። የሰውየው መሞት ማስረጃው ይኼ ነው፣ ደረሰኝ። መከራየት ያልቻለው ድሃ ሲሞት ደግሞ ደረሰኝም የለውም።

የጥምቀት ገጾቹን ሳነብ መጀመሪያ ልቤን የያዘው የሴቶቹ ነገር ነው። በስኮትላንድ መዝገብ ያገባች ሴት በአባቷ ወገን ስም ትጻፋለች። ባሏ ሌላ፣ እሷ ሌላ። ለእኛ ይህ ምን ይገርማል? እኔ አግብቼ የአባቴን ስም እንደያዝኩ ነኝ። ካናዳ ውስጥ በየቢሮው "የባልሽ ስም ለምን የለም?" ስባል ኖሬያለሁ። ኖቫ ስኮሺያ ከደረሱ በኋላ ግን የሴቶቹ የአባት ስም ይጠፋል። ወረቀቱም፣ ጎረቤቱም በባል ስም ብቻ ይጠራቸዋል። አማቴ የገዛ ቅድመ አያታቸውን የአባት ስም አያውቁም ነበር። ያገኘነው ስኮትላንድ ከቀረች እህቷ መዝገብ ነው።

ነገሩ ሁሉ እንዲህ ነው። የሄደውን የሚነግረን የቀረው ነው።

ለምን መሰላችሁ? ከ1855 በኋላ በስኮትላንድ የሞተ ሰው የሞት ምዝገባው ላይ የአባቱና የእናቱ ስም ይጻፋል። የእናቱ የአባት ስምም አብሮ። እንግዲህ የተሰደደው ሰው ኖቫ ስኮሺያ ጫካ ሲመነጥር የቀረ ወንድም ካለው፣ ያም ወንድም ከ1855 በኋላ ከሞተ፣ የሁለቱም እናት ማን እንደሆነች ታወቀ ማለት ነው። በተለይ የ1855ቱ ዓመት ቅጽ ጉድ ነው። መንግሥት በመጀመሪያው ዓመት ያልጠየቀው ነገር የለም። ወላጆች የት ተወለዱ፣ መቼ ተጋቡ፣ ሌሎች ልጆች ስንት ናቸው። ጸሐፊዎቹ ደክሟቸው ተነጫነጩ መሰለኝ፣ በ1856 አብዛኛው ጥያቄ ወደቀ። የእኛ ሰዎች አንዳቸውም በዚያ ዓመት አልተወለዱም፣ አልሞቱም። ዕድል!

መሄዱን ራሱን ፍለጋ የመርከብ መዝገብ አይረዳም? ሁሉም የሚጠይቀኝ ይህን ነው። ከብሪታንያ የወጣ መንገደኛ ዝርዝር በወጉ ተይዞ የተረፈው ከ1890 ወዲህ ያለው ነው። ኩቤክ የገባው ከ1865 ወዲህ። ከዚያ በፊት የተሳፈረው አብዛኛው ሰው ለካፒቴኑ የጭነት ያህል ነበር። ሄክተር የተባለችው መርከብ በ1773 ከሎክ ብሩም ተነሥታ ወደ 200 ሰው ይዛ ፒክቱ ደርሳለች። ፒክቱ ከኧርልታውን ሩቅ አይደለም። በጉዞው ላይ ሕፃናት በፈንጣጣና በተቅማጥ አልቀዋል። ሆኖም ዛሬ ያለው የተሳፋሪዎቿ ዝርዝር የተሰበሰበው ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ፣ ሽማግሌዎች ካስታወሱት ነው።

አንድ ለየት ያለ ጊዜ አለ። ሄክተር በሄደችበት ዓመት መጨረሻ መንግሥት ደነገጠ። አገሩ ሊያልቅ ነው አለ። የጉምሩክ ሹሞቹን የሚወጣውን ሰው ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ የሚሄድበትን አገርና የሚሄድበትን ምክንያት እንዲጽፉ አዘዘ። ባችለር የምትባል መርከብ ከሰዘርላንድና ከኬትነስ ሰው ጭና ወደ ሰሜን ካሮላይና ስትሄድ ማዕበል ሼትላንድ ላይ ጣላት። ሹሞቹ በ1774 ተሳፋሪዎቹን አንድ በአንድ ጠየቋቸው። ኪራዩ ጨመረ። የከብት ዋጋ ወደቀ። እህል ተወደደ። የጌታው የጉልበት ሥራ በዛ። ይህን ሳነብ የጭሰኛ ልጅ የሆነው አባቴ ቢሰማው ብዬ ነበር። አንድ ሰው "ለምን ትሄዳለህ?" ብሎ ጠይቆ መልሱን የጻፈበት ጊዜ ይኼ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በ1775 የአሜሪካ ጦርነት መጣና በ1776 ዝርዝሩ ተቋረጠ።

የእኛ ሰው የሄደው ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ በትልቁ መፈናቀል ዘመን ነው። የሰዘርላንዷ ካውንቴስ ኤልዛቤትና ባሏ ሸለቆዎቹን ለበግ እርሻ ሊያከራዩ ወሰኑ። ጭሰኛው ወደ ባሕር ዳር ይገፋ፣ ዓሣ ያጥምድ ተባለ። ዓሣ ማጥመድ የማያውቅ ከብት አርቢ። በ1814 በስትራዝኔቨር ሸለቆ ቤቶች በእሳት ተቃጠሉ። ፓትሪክ ሴላር የተባለው የርስቱ ሹም በ1816 ኢንቨርነስ ላይ ፍርድ ቤት ቀረበ፣ ነፃ ተባለ። በ1819 ማፈናቀሉ ከበፊቱ በሰፋ መልክ ተደገመ። በጥምቀት ገጾቹ ላይ ከአባትየው ስም ቀጥሎ የመንደሩ ስም ይጻፋል። ከስሞቹ ብዛት የተነሣ ሰውን የሚለየው ይኼው የመንደር ስም ነው። ታዲያ ስሙን ይዘሽ ካርታ ስታዪ ብዙዎቹ መንደሮች የሉም። ሮዛል ከሚባለው የቀረው የቤቶቹ መሠረት ድንጋይና ሣር ነው።

ክሮይክ ግን ሄጃለሁ። ከሰዘርላንድ ድንበር ትንሽ ወረድ ብሎ በሮስሺር ያለ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1845 የግሌንካልቪ ሸለቆ ሰዎች ከቤታቸው ሲባረሩ ወደ 80 የሚጠጉት በግቢው ውስጥ፣ በመቃብሮቹ መሐል ሸራና ብርድ ልብስ ወጥረው ሰነበቱ። ወደ ውስጥ አልገቡም። ከውጭ ሆነው በመስኮቱ መስታወት ላይ ጫሩ። ጽሑፉ ዛሬም ይነበባል። ቀን አለው፣ ግንቦት 1845። አንደኛው መስታወት "የግሌንካልቪ ሰዎች፣ ክፉው ትውልድ" ይላል። በኃጢአታችን ነው የተባረርነው ብለው ነበር የሚያስቡት። አፍ የፈቱት በጌሊክ ነው፣ የጻፉት በእንግሊዝኛ። ለማን እንደጻፉት አሰብኩ። ለራሳቸው ቢሆን በቋንቋቸው ይጽፉት ነበር። በዚያ አገር በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የተፈናቀለው ሰው ራሱ፣ ጸሐፊ ሳይቀጥር፣ መሄዱን የጻፈበት ይህን ብቻ ነው ያየሁት።

ባለቤቴ በመመለሻው መንገድ ላይ "የእናንተስ?" አለኝ። እናንተስ እንዴት ትመዘግባላችሁ ማለቱ ነው። መልሱ አጭር ነው። በኢትዮጵያ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በእኛ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. ነው። የእኔ የልደት ወረቀት የወጣው ለቪዛ ሲያስፈልገኝ ነው። መሄድን በተመለከተ ደግሞ ከስኮትላንዶቹ ብዙ አንለይም። በጅቡቲ ባለችው በኦቦክ በኩል ወደ የመን በጀልባ የሚሻገረውን የወሎ ልጅ ስሙን የያዘው ደላላው ነው። እናቱ ደግሞ በልቧ።

ወደ ፍለጋው ልመለስ። ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ መንግሥት ልደትና ሞት የመዘገበው ከ1864 እስከ 1877 ነው። ከዚያ አቋርጦ በ1908 እንደገና ጀመረ። በመሐል የሞቱት ሽማግሌዎች፣ ማለትም ልጅ ሆነው የተሻገሩት፣ ወረቀት የላቸውም። ያላቸው የመቃብር ድንጋይ ነው። የስደተኞቹ ልጆች ደግሞ ድንጋዩ ላይ የሟቹን የትውልድ ስፍራ ማስጻፍ ይወዱ ነበር። ሰዘርላንድ ብቻ ሳይሆን አጥቢያው ጭምር። ሮጋርት። ሌርግ። ክላይን። ለእኔ የመቃብር ቦታው ከመዝገብ ቤቱ ይበልጣል። ኤድንብራ ያለው መዝገብ ቤት በሮበርት አዳም የተነደፈ ግሩም ሕንፃ ነው፣ ገብቼበታለሁ። የትኛውን አጥቢያ እንደምከፍት የነገረኝ ግን ሽበት የያዘ ድንጋይ ነው። የእኛ ሰው ድንጋይ "የሮጋርት ተወላጅ" ይላል። የዓመቱ የመጨረሻ ቁጥር ተፍቋል።

ከዚያ የስም አወጣጥ ሥርዓቱ አለ። የመጀመሪያው ወንድ ልጅ በአባት አባት ስም ይጠራል። ሁለተኛው በእናት አባት። የመጀመሪያዋ ሴት በእናት እናት፣ ሁለተኛዋ በአባት እናት። ሁልጊዜ አይደለም፤ አያት ሲያስቀይም ተራው ይዘለላል። ቢሆንም ልጆቹን በቅደም ተከተል ካወቅሽ፣ ባሕር ማዶ የቀሩት አያቶች ስም ይገመታል። ስደተኛው ሌላ ነገር ይዞ ባይሻገርም የእናቱን ስም ይዞ ይሻገራል። ልጁ ላይ ያሳርፈዋል።

በዚህ ሁሉ ተጉዘን ሮጋርት ላይ ሁለት ሰው አገኘን። አንድ ስም፣ የአባታቸውም አንድ ስም፣ በጥቂት ዓመት ልዩነት የተጠመቁ፣ መንደራቸው ሁለት። ሁለቱም ካደጉ በኋላ ከአጥቢያው መዝገብ ይሰወራሉ። ዝምታው ምን ማለት ነው? መሄድ ሊሆን ይችላል። መሞትም ይሆናል፣ ቀብር ስለማይጻፍ። ሌላ አጥቢያም ሊሆን ይችላል። ከ1843 በኋላ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመር ነበር። በዚያ ዓመት ቤተ ክርስቲያኗ ተከፍላ የሰዘርላንድ ሕዝብ ከሞላ ጎደል ወደ ነፃይቱ ቤተ ክርስቲያን ነጎደ። ሰዉ በአገሩ እያለ ከመዝገቡ ጠፋ።

ኢንተርኔት ላይ ግን ሁለቱ ሰዎች አንድ ሆነዋል። አንዱ ገምቶ የሰቀለውን የዘር ሐረግ ሌላው ገልብጦታል። ሦስተኛው ከሁለተኛው። አሁን በየድረ ገጹ የአንደኛው እናትና የሁለተኛው መንደር ያለው፣ ኖሮ የማያውቅ ሰው ይገኛል። ፎቶ ሳይቀር ለጥፈውለታል፣ ፎቶግራፍ ሳይፈለሰፍ ለተወለደ ሰው። አያቴ ብትሆን ቆጥራ ታፈርሰው ነበር።

ታዲያ ሌላ ዓይነት ደብተር አለ። እያንዳንዱ አጥቢያ የሽማግሌዎች ጉባኤ ነበረው። ቄሱና ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ኃጢአተኛ ይጠራሉ፣ ይመረምራሉ፣ ይገሥጻሉ። ሳያገባ ያስረገዘ፣ ሰንበት የሻረ፣ ጎረቤቱን የተሳደበ። ቃለ ጉባኤው ይጻፋል። ከ2021 ጀምሮ ስኮትላንድስ ፒፕል በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ በነፃ ይታያል። በስም ግን አይፈለግም። ገጽ በገጽ ማንበብ ነው። እዚህ ውስጥ አልፎ አልፎ መሄድ ይጻፋል። ከአጥቢያ ወደ አጥቢያ የሚሄድ ሰው የመልካም ጠባይ ምስክር ወረቀት ይጠይቃል። አሜሪካ ለመሄድ የጠየቀም አለ። እኔ ተስፋ ያደረግሁት በዚያ ነው።

አማቴ ሰማንያ አልፈዋል፣ ግን ከእኛ ይልቅ የድሮውን እጅ ጽሑፍ የሚያነቡት እሳቸው ናቸው። ትልቅ ስክሪን ገዛንላቸው። የምስክር ወረቀቱን እስካሁን አላገኘንም። ከሁለቱ ሰዎች አንደኛውን ግን አገኙት። በመንደሩ ስም ተለይቶ፣ በሰንበት ቀን ሰክሮ ተገኝቷል ተብሎ ጉባኤው ፊት ቆሞ ነበር። ሲጠየቅ ቅዳሜ የጠጣው ነው ብሎ ተከራከረ።

አማቴ ይህን ካነበቡ ወዲህ ሌላ ማስረጃ አይፈልጉም። "የእኛ ሰው እሱ ነው፤ ቁርጥ አባቴን ነው" ይላሉ። ባለቤቴም ስቆ ተስማማ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ኧርልታውን የተወለደችው ሁለተኛዋ ሴት ልጅ ስም የሚገጥመው ከሌላኛው ሰው እናት ጋር ነው አልኳቸው። አማቴ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። "ምናልባት እናቱ አስቀይማው ይሆናል" አሉ።